አምስት ፊደል የሚይዝ ባዶ ቦታ

የልጅ ልጄ ብሌን ዛሬ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ቀይ ኩቴክስ ስትቀባ፣ ጠረኑ በነፋስ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የያዝኩት ሳህን ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ልጅቱ ደንግጣ «እማማ፣ ደም ግፊትሽ ነው? መድኃኒትሽን ወስደሻል?» እያለች በእርጥብ ጥፍሯ ልትይዘኝ መጣች። መድኃኒቴን ወስጃለሁ። ደም ግፊቴም ደህና ነው። የመጣብኝ ፍርሃት ነው፤ ያውም የዛሬ ሳይሆን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ የፈራሁት። ያ ፍርሃት እንዲህ ባለ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ ይኖር ኖሯል። ብሌን ይህን ከየት ታውቃለች? እሷ ያመጣት ሌላ ጉዳይ ነው። የአያቷ የአያሌው ሙት ዓመት ደርሷል፤ ዘመድ ሲሰበሰብ የምታነበው ታሪክ እየጻፈች ነው። ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ «እስቲ ወረቀቱን እንዴት እንዳቃጠልሽው ንገሪኝ» ትለኛለች። በዚህ ቤት ያን ወረቀት የማያውቅ የለም። ሴት አያቴ ወረቀት አቃጥላ ወንድ አያቴን ከእስር አወጣችው ሲሉ ነው ያደጉት።

ስቴንስል የማያውቅ ትውልድ መጥቷልና ከእሱ ልጀምር። ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። በታይፕ ሲመቱት ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል፤ ከዚያ ማባዣው መኪና ላይ ይጠቀለልና እጀታውን ሲያዞሩት ቀለሙ በቀዳዳው እያለፈ ይታተማል። የተሳሳተ ፊደል የመታ ሰው፣ ልክ እንደ ኩቴክስ የምትሸት ቀይ ማረሚያ ቀለም ነበረች፣ እሷን በትንሿ ብሩሽ ይቀባና ቀዳዳውን ይደፍናል፤ እፍ እያለ ያደርቃል፤ ሲደርቅ ትክክለኛውን ቃል በላዩ ይመታል። የሥራው ምስጢር ይኸው ነው። ደፍኖ የረሳ ሰው፣ ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ይታተምበታል። በታይፒስትነት ዘመኔ ሁሉ ደፍኜ የረሳሁት አንድ ቃል ብቻ ነው።

ያኔ የምኖረው ሐረር፣ አሮጌውን ከተማ በከበበው ግንብ ውስጥ ነበር። አባቴ ከመንዝ ተመድቦ የመጣ ወታደር ነበር፤ ሐረር ላይ ወለደኝ፣ ሐረር ላይም ተቀበረ። እናቴ አሰበ ተፈሪ ወንድሟ ዘንድ ስትገባ እኔ የእሷንም የራሴንም ጉሮሮ ይዤ አው ዩሱፍ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አው ማለት በሐረሪዎቹ ቋንቋ አባት፣ አይ ማለት እናት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ሁሉ እንዲያ ይጠራል። አው ዩሱፍ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ወረቀት በወረቀት ላይ እየለጠፉ የመጽሐፍ ገበታ ይሠራሉ፣ ቆዳ ያለብሳሉ፣ በቆዳው ላይ በብረት ማኅተም አበባ ያወጣሉ። የሙጫውና የቆዳው ሽታ ልብሴ ውስጥ ገብቶ የሥራ ባልደረቦቼ «መጽሐፍ መጽሐፍ ትሸቻለሽ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ባለቤታቸው አይ ፋጡማ ደግሞ እኔ ሳልበላ የምወጣ እየመሰላቸው በየጠዋቱ እጄ ላይ የተላጠ ብርቱካን ያስቀምጡልኛል።

ጠዋት ጠዋት በመኪና ግርግር በኩል አልፋለሁ። ስሙ አውቶሞቢል አያሳስባችሁ፤ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፣ ግርግሩም የስፌት መኪናዎቹ ጫጫታ ነው። ከአንዱ ሱቅ ሬዲዮ ዘፈን ይጀምራል፣ ከሚቀጥለው ሱቅ ያንኑ ዘፈን ሰፊው ራሱ ይጨርሰዋል። ሽንሽን ቀሚሴን ያሰፋሁት እዚያ ነው፤ ጨርቁ ሜትሩ ብር ከስሙኒ፣ ቀለሙ የወይን ጠጅ። ባለ ተረከዝ ጫማዬን ከአርመኑ ሱቅ በሰባት ብር ገዝቼ ድንጋዩ እንዳይበላብኝ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ በእጄ ይዤው እሄዳለሁ። እዚያ ስደርስ እጫማና፣ አሥር ሳንቲም ካለኝ በጋሪ፣ ከሌለኝ በእግሬ ከግንቡ ውጪ ወዳለው አዲሱ ከተማ እወጣለሁ። ቢሮዎቹና ትምህርት ቤቶቹ ያሉት እዚያ ነው። ዛሬ በዚያ መንገድ ባጃጅ ይተራመሳል፤ እኔም በባጃጅ እሄዳለሁ፣ ጫማዬም ላስቲክ ነው።

በታይፒስትነት በምሠራበት ትምህርት ቤት ሚስተር ኩሪያን የሚባሉ ሕንዳዊ የታሪክ መምህር ነበሩ። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ክራቫት የሚያስሩ፣ ዝናብ ሲጥል የአገራቸው ባሕር ትዝ እያላቸው መስኮት የሚከፍቱ ሰው። የትምህርት ቤቱ በዓል ሲደርስ ለመጽሔቱ አንድ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ስለ አንዲት መርከብ። ይህች መርከብ በናፖሊዮን ዘመን እሳቸው አገር ዳርቻ ላይ፣ ነቀዝ በማይደፍረው የአገሩ እንጨት ለእንግሊዞች የተሠራች የጦር መርከብ ናት። የአያታቸው አያት ካነጿት አናጢዎች አንዱ ነበሩ። ሰባ ያህል መድፍ ትሸከማለች፤ የምትሄደው በነፋስ ነው። ከፊት፣ ባሕሩን በምትሰነጥቅበት አፍንጫዋ ላይ፣ ከእንጨት የተቀረጸ ዘውድ የጫነ ንጉሥ አለ። ከፈረንሳዮች ጋር ተዋግታ ምሰሶዋ ተሰበረ፣ የንጉሡን ራስ የጠላት ጥይት ወሰደው፣ እሷ ግን በተቀዳደደ ሸራ እየተጎተተች ወደብ ገባች። ጦርነቱ ሲያልቅ መድፏን አራግፈው የበሽተኛ ማረፊያ አደረጓት፤ ቀጥሎ እስር ቤት፤ ቀጥሎ የከሰል መጋዘን። በመጨረሻ ፈርሳ እንጨቷ የሰው ቤት ወለል ሆነ። ሚስተር ኩሪያን ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ከሐረር ተነስቶ ባሕር ያየ ሰው በዚያ ጊዜ ስንት ነበር? እኔ እንኳ መርከብን የማውቃት በኖኅ ሥዕል ነው።

ወደ አማርኛ የመለሰው መምህር አያሌው ነው። ከጎጃም የመጣ የአማርኛ መምህር፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቅኔ ቤት ያደገ፣ ሲናገር ቃሉን እንደ ስንዴ የሚለቅም። ረቂቁን በእጁ ጽፎ አመጣልኝ። ያን የእጅ ጽሑፍ ወደድኩት፤ ከሰውየው በፊት ጽሑፉን ነው የወደድኩት ብል ውሸት አይሆንብኝም። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «በዚያን ቀን የእንጨቱ ንጉሥ ራስ ወደቀ፤ መርከቢቱ ግን መሄዷን አላቆመችም።» «የእንጨቱ» የምትለዋን ስመታ አንድ ፊደል ደገምኩ። ቃሉን በሙሉ በቀይ ቀለም ደፈንኩትና እፍ እያልኩ ሳለሁ አያሌው ራሱ በሩ ላይ ቆመ። «ወይዘሪት ትርንጎ፣ የእጅ ጽሑፌ አላስቸገረዎትም?» አለኝ። አላስቸገረኝም አልኩት። ከዚያ ቀሚሴ የወይን ጠጅ ነው ወይስ ቀይ ነው ብሎ የማይረባ ነገር ጠየቀኝ፤ የወይን ጠጅ ነው አልኩት። ሲሄድ ፊቴ ይፋጃል። ቀለሙ ደርቆ ነበር። ከሚቀጥለው ቃል ጀምሬ መምታቴን ቀጠልኩ።

በዓሉ አማረ። የከተማው ትልልቅ ሰዎች መጡ፣ ወላጆች መጡ፣ መጽሔቱ ታደለ። ሁለት ቀን ሳይሞላ አንድ የሒሳብ መምህር ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋና «አያሌው ጀግና ነው!» አለኝ። ለምን ስለው ሦስተኛውን ገጽ አወጣ። «በዚያን ቀን» ይላል፤ ከዚያ ባዶ ቦታ ነው፤ ከባዶው ቀጥሎ «ንጉሥ ራስ ወደቀ፤ መርከቢቱ ግን መሄዷን አላቆመችም»። ጣቱን ባዶው ላይ አድርጎ ሳቀ። እኔ የማየው የጎደለች ቃል ነው፤ እሱ የሚያየው ቅኔ ነው። ቀኑ ደግሞ መጥፎ ቀን ነበር። አዲስ አበባ ላይ ንጉሡን ሊገለብጡ የሞከሩበት ያ ግርግር ከሆነ ወዲህ ሰው በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው፤ ንጉሥ የሚለውን ቃል ለማመስገን ካልሆነ ማንም አያነሳውም። ጸሐፊው ሌላ ሰው ቢሆን የማተሚያ ስህተት ይባል ነበር። የቅኔ ሰው ግን ዝም ብሎ መርከብ አይጽፍም፣ ዝም ብሎም ባዶ ቦታ አይተውም አሉ። መርከቢቱ አገሪቱ ናት፤ ነቀዙ መኳንንቱ ነው፤ መርከቢቱ እስር ቤት የሆነችውማ ግልጽ ነው። ባዶውን ቦታ በእርሳስ እየለኩ አምስት ፊደል ነው የሚይዘው፣ የለም አራት ነው እየተባባሉ የየራሳቸውን ቃል ይሞሉበታል። ሰሙስ እኔ ዘንድ ነበር፣ ስቴንስሉ ላይ። ወርቁን ከየት እንዳመጡት እግዚአብሔር ይወቅ።

ከዚያ ሰላምታው መጣ። ፈረስ መጋላ ላይ አንድ ሰው ሌላውን «መርከቢቱ እንዴት ናት?» ይለዋል። ያኛው ግራ ቀኙን አይቶ «እየሄደች ነው» ይላል። በሳምንቱ ጠጅ ቤት ሰላምታው ይኸው ሆነ፤ ወዲያው መኪና ግርግር ደረሰ፤ ቀሚሴን የሰፋልኝ ሰውዬ የስፌት መኪናውን አቁሞ «ትርንጎ፣ መርከቢቱ እንዴት ናት?» ሲለኝ ፈጥኜ አለፍኩት። ሚስተር ኩሪያንማ መርከባቸው በመወደዷ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ባርኔጣቸውን እያነሱ በተሰባበረ አማርኛ «መርከብ በጣም ደህና ናት!» ብለው በየመንገዱ ይጮኻሉ፤ ሰላም ባዩ ሮጦ ያመልጣል። ዛሬ ሳወራው ያስቃል። ያኔ አንድም ቀን አልሳቅኩም። አያሌው ከሳ። «እኔ መርከብ ብቻ ነው የጻፍኩት» ይላል ላገኘው ሁሉ። ሰዎቹ ትከሻውን ቸብ አድርገው «አዎ፣ አዎ፣ መርከብ ነው» ይሉታል። ይህን ከሚሉት አንዱ ወሬ አቀባይ መሆኑን እሱም እኔም እናውቃለን፤ የትኛው እንደሆነ ነው የማናውቀው።

አንድ ጠዋት ዳይሬክተሩ «የአያሌው ረቂቅ የት አለ? ይፈለጋል» አሉኝ። ፈልጌ አመጣለሁ አልኩ። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ከመጽሔቱ ጋር ሳስተያየው «የእንጨቱ» የምትለዋ ቃል በዚያ በሚያምር ጽሑፍ ቁጭ ብላ አየኋት። ያኔ ገባኝ። ወንጀሉ የእኔ ነው። የታይፕ ክፍሉ ግድግዳ የሚጠብ መሰለኝ። ከሥራ እባረራለሁ፤ አባረውኝ ቢተዉኝ ጥሩ ነው፤ ሆን ብለሽ ነው፣ ማን ላከሽ ቢሉኝስ? እናቴስ? ረቂቁን ጡቶቼ መካከል ሸጉጬ ቤቴ ሄድኩ። በየማዕዘኑ የሚከተለኝ አለ እያልኩ ሦስት ጊዜ መንገድ ቀየርኩ፤ በመጨረሻ የተከተለኝ የአይ ፋጡማ ፍየል ሆኖ ተገኘ። ክብሪት አነሳሁ፤ ግን ያን የእጅ ጽሑፍ በገዛ እጄ ማቃጠል አቃተኝ። ፈሪ ሰው ፍርሃቱን እንኳ ለሌላ ያሸክማል፤ ጨምድጄ አይ ፋጡማ ጠዋት ጠዋት እሳት ከሚያያይዙበት የፍልጥና የቆሻሻ ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ከታች ደበቅኩት። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ቅርጫቱ ባዶ ነበር፣ ምድጃው አመድ ብቻ። ለዳይሬክተሩ አጣሁት አልኳቸው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ላንድሮቨር ትምህርት ቤቱ ግቢ ገባ። የጸጥታ ሰዎች አያሌውን ከክፍል ጠርተው አስወጡት። አያሌው እጁ ላይ የጠመኔ ብናኝ እንዳለ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምን እንደፈለገ አላወቅኩም፤ የሚለምነኝ መሰለኝ። ታስሮ ሦስት ሳምንት ቆየ። ሚስተር ኩሪያን ባርኔጣቸውን ማንሳት ተዉ። ሰላምታው ከከተማው ጠፋ፤ ሰው ሁሉ መርከብ ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ሆነ። እኔ እንቅልፍም ምግብም ተለየኝ። ሰውየው በእኔ ስህተት ታስሯል፤ ንጹሕ መሆኑን የሚያሳየውን አንድ ወረቀት ደግሞ እኔው አመድ አድርጌዋለሁ። መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ስማቸውን የማላውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ እጠራለሁ። አይ ፋጡማ የሰው ዓይን የነካኝ መስሏቸው ዱዓ ያደርጉልኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሳለቅስ አው ዩሱፍ ሙጫ የያዘ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው መጡ።

«ልጄ፣ ያ ሰውዬ ነው የሚያስለቅስሽ? ደብዳቤ የጻፈልሽ?»

«የምን ደብዳቤ፣ አው ዩሱፍ?»

መልስ ሳይሰጡ ወደ ሥራ ቦታቸው ሄደው መጽሐፍ የሚጫኑበትን ሁለት ጣውላ ፈቱ። ከመካከሉ የአያሌው ረቂቅ ወጣ። ስድስቱም ገጽ፣ ጭምዳጁ ጠፍቶ፣ ተኩሰው ያስቀመጡት መስሎ።

«ፋጡማ ምድጃ ልትከተው ነበር። ወላሂ፣ የተጻፈበት ወረቀት እሳት አይገባም። እኔ አማርኛ አላነብም፤ የአላህ ስም ይኑርበት አይኑርበት በምን ዐውቃለሁ? ተቆጥተሽ የጣልሽው መሰለኝ። ሰው ሲቆጣ ይጥላል፣ ሲበርድለት ይፈልጋል። አማና ነው፣ የሰው አደራ ነው ብዬ አስቀመጥኩልሽ።»

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ተነሺ፣ አስተግፊሩላህ፣ ለሰው አይሰገድም» እያሉ ተቆጡኝ። ደስታዬ የቆየው ወረቀቱን እስክይዝ ድረስ ነው። ከዚያ ሌላው ፍርሃት መጣ፤ አሁንማ ምክንያት የለኝም። ወረቀቱ አለ። የሚወስደው ሰው እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት የወይን ጠጅ ቀሚሴን ለበስኩ። ሲያስሩኝ ደህና ልብስ ልልበስ ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ከግንቡ ወጥቼ ያን ዛፍ የተተከለበትን ሰፊ መንገድ ስሄድ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፣ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ጉዳዩን የሚመረምረው ሻምበል ቢሮ በር ላይ ወታደሩ ምን ፈለግሽ ሲለኝ ወረቀቱን እንደታጠፈ አሳየሁት። ሻምበሉ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ገና ወጣት፣ ፂሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የእኛ መጽሔት ሦስተኛው ገጽ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ መምህር አያሌው ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ የጻፈው የእንጨቱ ንጉሥ ብሎ ነው። ይኸው በእጁ የጻፈው። ቃሏን የዘለልኳት እኔ ነኝ።»

ተቀበለኝና አነበበ። እንደገና አነበበ። ቀስ ብሎ ተነሥቶ በሩን ዘጋ፤ ያን ጊዜ አለቀልኝ አልኩ።

«ሰውየው ረቂቅ የለም ብሏል» አለኝ። «ከእንግሊዝኛው እያየሁ በቃሌ ነው ያስጻፍኳት ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ቃል ጸንቷል። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«እኔ ግን አሁን ገና ገባኝ። አንቺ ይህን ስታመጪ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

«እውነቱ ይታወቃል ብዬ።»

«እውነቱ!» አለና ወረቀቱን ዓይኔ ሥር አመጣው። «እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው። የእንጨት ንጉሥ! ይህን ሰው ምን ብሎ ይተረጉመዋል? ባዶ ቦታ አይታሰርም፤ የመኪና ጉድለት ነው ብዬ ሪፖርቱን ጽፌ ጨርሻለሁ። ይሄ ግን በገዛ እጁ የጻፈው ነው። ንጉሥ ግዑዝ ነው፣ ጉቶ ነው፣ የማይሰማ የማያይ ነው ይሉታል። በባዶው ዓመት ቢያስሩት በዚህ ዕድሜውን ነው።»

ላድነው ብዬ መታነቂያ ገመዱን ይዤለት መጥቻለሁ። ለምንኩት፣ ምን ብዬ እንደለመንኩት አላስታውስም። ሻምበሉ ሄዶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ሲዞር ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። ያን ላብ አልረሳውም፤ እሱም እንደኔው ፈርቶ ነበር።

«ይህን ወረቀት ሌላ ማን አይቷል?»

«ያስቀመጡልኝ ሽማግሌ፣ አማርኛ አያነቡም።»

«ይህ ወደ ላይ ቢሄድ የሚጠየቀው እሱ ብቻ አይደለም። ሦስት ሳምንት መርምሮ ያላገኘውስ ማነው ይባላል።» ከኪሱ ክብሪት አወጣ። ስድስቱን ገጽ አንድ በአንድ በሲጋራ መተርኮሻው ላይ አቃጠላቸው። «የእንጨቱ» የምትለዋ ቃል ስትጠቁርና ስትጨማደድ በዓይኔ አየኋት። «አንቺ እዚህ አልመጣሽም፣ እኔም አላየሁሽም። አሁን ሂጂ» አለኝ።

አራት ቀን ጠበቅኩ። የእነዚያን አራት ቀናት ነገር ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ሻምበሉ ሐሳቡን ቢቀይርስ፣ ከበር ላይ ያለው ወታደር ቢናገርስ እያልኩ ሞቼ ነበር የሰነበትኩት። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት አያሌውን ፂሙ አድጎ፣ ኮቱ ሰፍቶት የአው ዩሱፍ ግቢ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ደንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝና በዝቅታ «ረቂቁን አቃጠልሽው፣ አይደል?» አለኝ። እርስዎ ማለቱን ትቶ ነበር።

አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ።

እንደ ልጅ አለቀሰ። «አውቄ ነበር! በመስኮቱ ሳይሽ በልቤ አቃጥይው፣ አቃጥይው እያልኩሽ ነበር። የእንጨት የምትለዋን ቃል ጽፌባት ነበር እኮ! ያቺን ቢያገኙ አልቆልኝ ነበር። ይህች ሴት ሳልነግራት ከገባት አገባታለሁ ብዬ እዚያ ውስጥ ተሳልኩ።» አው ዩሱፍ ከምንጣፋቸው ላይ ሆነው እያዩን ፈገግ አሉ። የሰውየውን ደብዳቤ የመለሱልኝ እሳቸው ስለሆኑ ያስታረቁን መሰላቸው። እኔ በልቤ አሁን ብነግረው ምን ይሆናል፣ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

አርባ ስድስት ዓመት አብረን ኖርን። ነገዋ አልደረሰችም። ከግንቡ ወጥተን ሐኪም ከሚባለው ተራራ ሥር ቤት ሠራን፣ አራት ልጅ ወለድን። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህች ሴት ያን ወረቀት ባታቃጥል ኖሮ» ብሎ ይጀምራል፤ እኔ ወጥ ሊያርብኝ ነው ብዬ ወደ ጓዳ እነሣለሁ። ኋላ ዘመኑ ተገልብጦ ንጉሡ ሲወርዱና ያ ሁሉ ነገር ሲሆን፣ አያሌው ቀድሞ የተናገረ ነቢይ ነው አሉት፤ እሱ መርከብ ብቻ ነው የጻፍኩት ቢል ማን ሊያምነው! እኔ የምፈራው ሌላ ነው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ያ ሻምበል ይሆናል፣ ገብቶ ይቀመጥና «ባለቤትህ ያመጣችልኝ ወረቀት» ብሎ ወሬ ይጀምራል እያልኩ እሳቀቃለሁ። አልመጣም። የት እንደወደቀም አላውቅም። ባሌ ግን ያገባት አንዲት ብልህ፣ ደፋር፣ ወረቀት ያቃጠለች ሴት ነበረች፤ እኔ በእሷ ቦታ ገብቼ ዕድሜዬን ሙሉ ቀለቧን በላሁ። ይህን ስናገር ያሳፍረኛል።

ያ የከተማው ሰላምታ እኛ ቤት ብቻ ቀርቶ ነበር። ጠዋት ሲነሣ «መርከቢቱ እንዴት ናት?» ይለኛል፤ «እየሄደች ነው» እለዋለሁ። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝታ፣ ልጆቹ መድኃኒት ቤት ሄደው ሁለታችን ብቻ ቀረን። አሁን ካልነገርኩት መቼ ነው ብዬ ወንበሬን አስጠግቼ እጁን ያዝኩ። ዓይኑን ገልጦ እኔን ማየቱ ብቻ ደስ አለው። «ትርንጎ» አለኝ፣ «መርከቢቱ እንዴት ናት?»

አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ነገር ምላሴ ላይ ነበር፤ ቅርጫቱ፣ አው ዩሱፍ፣ ሻምበሉ፣ ክብሪቱ።

«እየሄደች ነው» አልኩት።

«ደህና» አለና ዓይኑን ከደነ።

ብሌን አሁን የሰበርኩትን ሳህን ጠርጋ ተመልሳ ተቀምጣለች። ያበላሸቻቸውን ሁለት ጥፍሮች እንደገና ቀብታ እፍ እፍ ትላለች፤ ደብተሯ ላይ «አያቴ ወረቀቱን ያቃጠለችው» ብላ ጀምራ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ትታዋለች። ለእሷ እነግራታለሁ። ቀለሙ ይድረቅ ብቻ፤ እስኪደርቅ ድረስ ደግሞ እባካችሁ ማንም በሩ ላይ መጥቶ እንዳያናግረኝ።